100 ኪሎው ጆንያ ከአንድ ሰው ጀርባ ይውረድ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው መምሪያ፤
ለከተማችን የእህልና የቅባት እህል ነጋዴዎችና የመጋዘን ባለቤቶች፤
ለጫኝና አውራጅ ማኅበራት፤

ጤና ይስጥልኝ።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። በጎንደር መጋዘኖች 100 ኪሎ ጆንያ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ መጫን ይቁም። አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ጆንያ ከ50 ኪሎ አይብለጥ። የሸካሚው ክፍያ ደግሞ በዚህ ምክንያት አንድ ሳንቲም አይቀንስ። ሌላው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ነው።

እኔ በአዘዞ በኩል ባለ አንድ የእህል መጋዘን ገቢና ወጪ መዝጋቢ ነኝ። ሥራዬ በር ላይ ቆሞ ጆንያ መቁጠር ነው። ስለዚህ ሸካሚዎቹን ከማንም በላይ በቅርብ አያቸዋለሁ። ሲመጡ እንዴት እንደሚራመዱ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ እንዴት እንደሚራመዱ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ሥራውን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ከመስቀል በኋላ ሰሊጡ ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከአርማጭሆ መምጣት ይጀምራል። ቀጥሎ የደምቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ የዳባትና የደባርቅ ስንዴና ገብስ አለ። ኤፍኤስአሩና ተሳቢው በር ላይ ይሰለፋል። ሾፌሩ ቶሎ አራግፎ መመለስ ይፈልጋል፣ ነጋዴውም የመኪና ቀን ኪራይ እንዳይቆጥርበት ይቸኩላል። የችኮላው ማብቂያ የሸካሚው ጀርባ ነው። መኪናው ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ጆንያውን ጫፍና ጫፍ ይዘው ያነሳሉ። ከታች ያለው ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል። ይጭኑበታል። እየተጣደፈ ወደ መጋዘኑ ይገባል። ክምሩ ከፍ ካለ በጣውላ ይወጣል፣ ከዚያ ወገቡን አዙሮ ጆንያውን ወርውሮ ይደረድራል። ተመልሶ ይመጣል። ክፍያው በኩንታል ስለሆነ ዕረፍት የለም፤ ያረፈ ሰው እንጀራውን ለሌላ እንደሰጠ ነው የሚቆጥረው።

ብዙ ሰው የሸካሚ ወገብ የሚጎዳው አንድ ቀን ሳይጠነቀቅ ሲቀር ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሐል ዲስክ የሚባል አለ። ዙሪያው ጠንካራ፣ መሐሉ ለስላሳ ነው። ሰው ጎንበስ ሲል የዲስኩ የፊት ጠርዝ ይጨመቃል፣ መሐሉ ወደ ኋላ ይገፋል። ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ሲያነሳ ግፊቱ ይብሳል። በዚያው ላይ ወገቡን ካዞረ የዙሪያው ጠንካራ ክር በጥቂት በጥቂቱ ይበጣጠሳል። ይህ ዕለት ዕለት የሚጠራቀም ነው። አንድ ቀን ቀለል ባለ ጆንያ እንኳ ዲስኩ ወጥቶ ነርቭ ይጫናል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚደርሰው በወገብ የታችኛው ጫፍ ባሉት ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ በጭን በኩል እስከ እግር ጣት የሚወርደውም ለዚህ ነው።

ሚዛን የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ ይህ ይገባዋል። አንድ ሰው 50 ኪሎ ነገር ከወገቡ 40 ሴንቲሜትር ርቆ ከፊቱ ቢይዝ፣ ያንን ክብደት ከኋላ ሆነው የሚጎትቱት የጀርባ ጡንቻዎች ከዲስኩ የሚርቁት 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። 40 ለ5 ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ ጡንቻው 400 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት። ይህ ሁሉ ጫና የሚያርፈው ዲስኩ ላይ ነው፣ የሰውየው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ጆንያ በጀርባ ሲሆን ወደ አከርካሪው ስለሚቀርብ ከዚህ ይሻላል። ሸካሚዎቻችን በጀርባ የሚሸከሙት በልምድ ያገኙት ብልሃት ነው፣ ትክክልም ነው። አደጋው ያለው ሲያነሱና ሲጥሉ ነው። መኪና ላይ ቆመው ከወለል የሚያነሱት ሁለቱ ሰዎች አሉ። ክምሩ አናት ላይ ሲወረውር የሚዞረው ሰው አለ። ጣውላው ላይ እግሩ ሸርተት ሲልበት ጆንያውን ላለመልቀቅ የሚታገለውም አለ።

አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር። ከወገራ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሥራ የማይመርጥ። ጆንያውን ክምሩ ላይ ሊጥል ሲዞር ወገቡ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለበት። ያን ቀን ጨርሶ ነው የሄደው። ማታ ማስታገሻ መርፌ ተወጋ፣ በማግሥቱም መጣ። እንዲህ ብዙ ቀን ቆየ። መርፌው ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያጠፋም። ሕመም ደግሞ ሰውነት ‘ተው’ የሚልበት መንገድ ነው። እሱን ዝም አሰኝቶ 100 ኪሎ መሸከም ጉዳቱን ማባባስ ነው። በመጨረሻ አንድ እግሩ መደንዘዝ ጀመረ። የቀጠረው ሰው የትራንስፖርት ሰጥቶ ‘ስትድን ና’ አለው። አልተመለሰም። ዛሬ ወላጆቹ ዘንድ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ማረስም አቅቶታል።

ስለ እሱ ማንም ምንም አልጻፈም። የእኔ መዝገብ ላይ የገባና የወጣ ጆንያ አለ። የወጣ ሰው የለም።

አሁን ወደ መምሪያው ልምጣ። እዚህ ላይ ሕጉ እንደሚደግፈን አውቃለሁና በድፍረት ነው የምጽፈው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። በሥራ ላይ የደረሰ አደጋንም መዝግቦ ለተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት። ‘ጆንያ ወድቆበት አይደለም፣ ራሱ ነው ወገቡን ያመመው’ የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አዋጁ ግን ይህን አስቦበታል። በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ ሲል ሠራተኛው ከራሱ ውጭ በሆነ ምክንያት የደረሰበትን ብቻ አይደለም የሚለው። ሥራውን ለማከናወን ባደረገው ጥረት የደረሰበትንም ይጨምራል። ጆንያ ማንሳት ከጥረት ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው? ደግሞም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነቱ አይቀርለትም።

ክፍያውም ተጽፏል። በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሰው እስከ 12 ወር ይከፈለዋል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ አያንስም፣ ለቀሩት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ። ሕክምናውም በአሠሪው ወጪ ነው። ያ ልጅ የትራንስፖርት ብቻ ይዞ ነው የሄደው።

የጽሑፍ ውል የለም የሚለው ማምለጫም አይሠራም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፣ ወረቀት ስላልተሰጠው ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ከባዱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ የመምሪያው ውሳኔ ያስፈልገናል። ብዙው ሸካሚ በማኅበር ተደራጅቶ ነው የሚሠራው። ነጋዴው ‘እኔ የተዋዋልኩት ከማኅበሩ ጋር ነው’ ይላል። ማኅበሩ ‘እኛ አባላት እንጂ ቀጣሪና ተቀጣሪ አይደለንም’ ይላል። ከማኅበሩ ውጭ በቀን ተጠርቶ የሚመጣው ደግሞ ማንም የለውም። ሰውየው ሲጎዳ ሁለቱም እጃቸውን ይሰበስባሉ። ተጎጂውን ማን ያሳክማል? ማን ይከፍላል? መምሪያው ይህን በግልጽ ጽፎ ለእያንዳንዱ መጋዘንና ማኅበር ቢያሳውቅ ከብዙ ንትርክ ያድነናል። የእኔ ሐሳብ ነጋዴውና ማኅበሩ በሚዋዋሉበት ወረቀት ላይ የጉዳት ኃላፊነት የማን እንደሆነ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ሳይኖር ውሉ ተቀባይነት እንዳያገኝ ነው።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር አለኝ። ጥድፊያው ሲበዛ ገና ፂም ያላወጡ ልጆች ጆንያ ሥር ሲገቡ አያለሁ። አዋጁ በአንቀጽ 89 ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣት ሠራተኞች የተከለከሉ ሥራዎችን ሲያነሳ፣ በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳትን፣ መጎተትንና መግፋትን በስም ጠቅሷል። ይህ ውይይት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ያለ ማስታወቂያ መጋዘን መግባት ይችላል፤ በጥቅምት አንድ ማለዳ ቢመጣ በዓይኑ ያየዋል።

አሁን ስለ ክብደቱ። 50 ኪሎ ያልኩት ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በአውሮፓውያኑ 1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 ለአዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጅ የሚነሳና የሚጓጓዝ ሸክም ጣሪያ 55 ኪሎ ነው ብሏል። ጣሪያ ነው፣ ምቹ ክብደት አይደለም። የአሜሪካ የሙያ ጤና ተቋም ኒዮሽ ደግሞ ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ የሚመክረው 23 ኪሎ ነው። ስለዚህ 50 ኪሎ ስል ወገብ አይጎዳም ማለቴ አይደለም፣ ይጎዳል። ነገር ግን ከ100 ወደ 50 መውረድ ዛሬ የምንችለው ነው። እንግሊዞች የሲሚንቶ ከረጢታቸውን ከ50 ወደ 25 ኪሎ አውርደዋል። እኛም የሚቀጥለውን ደረጃ ወደፊት እንነጋገርበታለን።

‘እህል በኩንታል ነው የሚሸጠው’ ትሉኛላችሁ። ይሸጥ። ሲሚንቶም ዋጋው የሚወራው በኩንታል ነው፣ ከረጢቱ ግን 50 ኪሎ ነው። ዩሪያ ለገበሬው የሚደርሰው በ50 ኪሎ ነው። የእርዳታ ስንዴ በ50 ኪሎ ነው የሚመጣው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡናችን በ60 ኪሎ ጆንያ ነው የሚታሸገው። በእነዚህ ሁሉ ላይ ማንም ከስሮ ንግዱን አልዘጋም። 100 ኪሎ የቀረው የገዛ ገበሬያችን እህል በገዛ ልጆቻችን ጀርባ ሲጫን ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ወጪ እንዳለው አውቃለሁ። ጆንያው ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፣ ስፌቱም እንዲሁ። ለእኔም ቆጠራው ይበዛል፣ ይብዛ። ባዶ ጆንያ ግን ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። የተጎዳ ወገብ ግን በሌላ አይተካም። ገበሬው ጋ 100 ኪሎ ሆኖ የተሰፋውን ወዲያው መቀየር ባይቻል እንኳ፣ እስከዚያ ድረስ ሰው በሰው ላይ መጫኑ ቀርቶ የእጅ ጋሪ ይግባ። ሁለት ጎማ ያለው የብረት ጋሪ የትኛውም የከተማችን ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። የመጋዘን ወለል ሊሾ ከሆነ ይበቃል። ከመኪናው ወለል እኩል የሚሆን የግንብ ማራገፊያ መድረክ ቢሠራ ደግሞ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ጆንያ ከመሬት አይነሳም፣ ከደረት ላይ አይወርድም። አዲስ መጋዘን ለመሥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ይህን መድረክ በፕላኑ ላይ እንዲያሳይ ማዘዝ ለከተማው ምንም አያስወጣም። ክምር ከትከሻ በላይ በሰው ጉልበት እንዳይደረደር መወሰንም እንዲሁ።

ለጫኝና አውራጅ ማኅበራት ወንድሞቼ ደግሞ ይህን እላለሁ። ፍርሃታችሁን አውቃለሁ። ‘ጆንያው ግማሽ ሲሆን ዋጋውም ግማሽ ይሆንብናል’ ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ፣ ካልተጻፈ ይሆናል። ስለዚህ ይጻፍ። ሁለት 50 ኪሎ አንድ ኩንታል ተብሎ ይቆጠር፣ ታሪፉም ባለበት ይቆይ። ጊዜው ይረዝማል የሚል ካለ፣ ቀለል ያለ ሸክም የያዘ ሰው እስከ ማታ ፍጥነቱን እንደማያጣ እኔ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ‘እኛ እንችላለን’ የምትሉም አላችሁ። ጉልበታችሁን የሚጠራጠር የለም። ግን ከእናንተ መካከል በ45 ዓመቱ ጆንያ የሚሸከም ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

አንዳንድ መጋዘኖች ወገብ ማሰሪያ ቀበቶ ገዝተው ይሰጣሉ፣ ወይም አንድ ቀን ‘ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱ’ የሚል ሥልጠና ያዘጋጃሉ። በቅን ልብ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ግን ቀበቶው ጤነኛ ሠራተኛን ከወገብ ጉዳት እንደሚጠብቅ በቂ ማስረጃ የለም፣ ኒዮሽም አልመከረውም። የአነሳስ ሥልጠና ብቻውን የወገብ ጉዳትን እንደማይቀንስ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 100 ኪሎን በትክክል ማንሳት የሚባል ነገር የለም። ሥልጠናው ሸክሙ ከቀነሰ በኋላ ይጠቅማል፤ ከዚያ በፊት ግን ጥፋቱን ወደ ሠራተኛው ማዞሪያ ነው የሚሆነው።

ወገቡን ለታመመ ወንድሜም ጥቂት ልበል። አብዛኛው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አልጋ ላይ መተኛት ግን አይረዳም። በዝግታ መራመድ፣ ቀለል ያለ ሥራ መሥራት ይሻላል። ስለዚህ አሠሪው ‘ስትድን ና’ ከማለት ይልቅ መጥረግ፣ መስፋት፣ መቁጠር የመሰለ ሥራ ቢሰጠው ለሁለቱም ይበጃል። እኔ ጋ መዝገብ የሚያግዝ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ወይም አልሸና ካለህ፣ በእግሮችህ መሐል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮችህ ከዛሉ፣ አንዲት ቀን አትጠብቅ። ወደ ወጌሻ አትሂድ፣ እንዳታስታሽ። በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ። ነርቭህ በሰዓታት ውስጥ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ጸበልህንም ሐኪሙ ካየህ በኋላ ትጠመቃለህ።

ሌላ ከተማ የሌለው ነገር እኛ ጋ አለ። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት፣ በአውሮፓውያኑ 1954። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፣ የሙያ ጤናና ደኅንነት ትምህርትም ይሰጣል። ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ይፈልጋሉ። መጋዘኖቹ ከግቢው ብዙም አይርቁም። መምሪያው ደብዳቤ ጽፎ ቢያገናኘን ተማሪዎቹ ሚዛንና ሜትር ይዘው ይምጡ። የትኛው ሥራ ወገብ እንደሚሰብር ይለኩልን፣ ለተጎዱትም የማገገሚያ እንቅስቃሴ ያሳዩ። እኔ በበኩሌ መዝገቤን እከፍትላቸዋለሁ፣ ከሸካሚዎቹም ጋር አገናኛቸዋለሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የዘንድሮው ሰሊጥ ከመግባቱ በፊት መምሪያው ነጋዴዎችን፣ የመጋዘን ባለቤቶችንና የማኅበራት ተወካዮችን አንድ ላይ ይጥራ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ብቻ ሳይሆን ጆንያ የሚሸከሙትና ተሸክመው የተጎዱትም ይቀመጡ። የ50 ኪሎው ጣሪያ፣ ያልተቀነሰው ታሪፍ፣ የጉዳት ኃላፊነቱ በዚያ ቀን ተጽፎ ይፈረምበት። የአደጋ መዝገብ በእያንዳንዱ መጋዘን ይኑር፣ ተቆጣጣሪውም በሚመጣበት ቀን ይየው። የእኛ መጋዘን የአደጋ መዝገብ እስከዚያ ድረስ አይጠብቅም። ደብተሩን ገዝቼዋለሁ፣ የዚያ የወገራ ልጅ ጉዳት በመጀመሪያው ገጽ ተጽፏል። ስሙንና አድራሻውን ለመምሪያው በአካል መጥቼ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዘዞ የአንድ እህል መጋዘን መዝጋቢ
ጎንደር